«መጀመሪያ ጭንቀቱ ይልቀቀኝ» ካልሽ አትጀምሪም

ጥያቄው፦ «የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ኮርሶቼን በጥሩ ውጤት ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። ላፕቶፑን ስከፍት ግን ልቤ ይመታል። የመግቢያውን የመጀመሪያ አንቀጽ ጽፌ አጠፋለሁ፣ ደግሜ ጽፌ አጠፋለሁ። ከአማካሪዬ ኢሜይል ሲመጣ ሳልከፍተው ቀናት ያልፋሉ። ቤተሰቦቼ ሰነፍሽ ይሉኛል። እኔ ግን ችግሬ ፍጹምነትን መፈለጌ ይመስለኛል፤ እንከን ያለው ሥራ አልወድም። የጊዜ አጠቃቀም ዘዴዎችን ሞክሬ አልሠሩልኝም። መጀመሪያ ጭንቀቱ የሚለቅበትን መንገድ ንገሩኝና ተረጋግቼ ልጻፍ። ደግሞስ ደረጃዬን ዝቅ ሳላደርግ መጨረስ ይቻላል?»

«ጭንቀቱ ይልቀቀኝና ተረጋግቼ ልጻፍ» ያልሽውን ልያዝ፤ ትልቁ ስህተት ያለው እዚያ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠሽዋል። ይህ ዓይነቱ ጭንቀት የሚረግበው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው፣ ያውም ቀስ እያለ። አስቀድሞ እንዲለቅሽ ከጠበቅሽው በጠበቅሽው ልክ ይብሳል። ለምን እንደሆነ ካልገባሽ ደግሞ ከታች የምልሽን ሁሉ ሁለት ቀን ሞክረሽ ትተዪዋለሽ። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

አንዱን ምሽት በዝግታ እንየው። ላፕቶፑን ትከፍቻለሽ። ፋይሉ ይመጣል፤ ከላይ «ምዕራፍ አንድ» ይላል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አለ። ታነቢያቸዋለሽ። «ይሄ እንኳን ለማስተርስ ለሃይስኩልም አይሆን» የሚል ሐሳብ ብልጭ ይላል። ልብሽ ይመታል፣ ትከሻሽ ይወጠራል። ሁለተኛውን መስመር ታጠፊዋለሽ። ከዚያ እጅሽ ወደ ስልክሽ ይሄዳል። ወይም ደግሞ ወደ «ጠቃሚ» ነገር ይሄዳል፤ የፊደሉን መጠን ታስተካክያለሽ፣ የዋቢዎቹን ዝርዝር ትደረድሪያለሽ፣ ሌላ አንድ ጽሑፍ ዳውንሎድ ታደርጊያለሽ። እንዳንቺ ጎበዝ ለሆነ ሰው ይሄኛው ከስልኩ ይብሳል፣ ሥራ ስለሚመስል። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ሰውነትሽን ቀለል ይለዋል።

ያሰረሽ ያ መቅለል ነው። አእምሮሽ በዚያች ቅጽበት «ጽሑፉ ዘገየ» ብሎ አይመዘግብም፤ የሚመዘግበው «ፋይሉን ስዘጋው ተረፍኩ» ብሎ ነው። የሚያስጨንቅን ነገር ዞር ያደረገ ድርጊት ሁሉ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይቀናናል። ማውረር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1947 ፍርሃት ለምን እንደማይለቅ ያስረዳው በዚሁ መንገድ ነበር፦ ሰው የፈራውን ነገር እየሸሸ ስለሚኖር ነገሩ እንዳሰበው አደገኛ አለመሆኑን የሚያይበት ዕድል አያገኝም። የሚያሳክክ ቁስልን እንደማከክ ነው። ባከክሽው ቅጽበት እውነትም ደስ ይላል፤ ቁስሉ ግን አይደርቅም፣ ማሳከኩም ይብሳል።

እፎይታው ውሸት ስላልሆነ ነው ሰው የሚታለለው። ታይስ እና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት የተማሪዎች ጥናት ሥራ የሚያዘገዩት ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ያነሰ ውጥረትና ሕመም ነበራቸው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ድምሩ ሲሠራ የበለጠ የተጨነቁትም የበለጠ የታመሙትም እነሱ ሆኑ፣ ውጤታቸውም ዝቅ ያለ ነበር።

እንግዲህ ቤተሰቦችሽ ተሳስተዋል። ሰነፍ ሰው ሥራው ቢቀርም ሰላም ብሎት ይተኛል፤ አንቺ ሳትሠሪ እየደከምሽ ነው። ሲሮይስ እና ፒቺል የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ዛሬ ነገ ማለትን ያዩት ስሜትን የመያዝ ችግር አድርገው ነው፤ ሰውየው አሁን ደህና እንዲሰማው ሲል ሥራውን ይገፋዋል፣ ዕዳውን የሚከፍለው የነገው እሱ ነው። የጊዜ አጠቃቀም ዘዴዎቹ ያልሠሩልሽም ለዚህ ነው። መቼ መጻፍ እንዳለብሽ ጠፍቶሽ አያውቅማ። በቀለም የተከፋፈለ የጊዜ ሰሌዳ እኔ እንደሚመስለኝ ከመሸሺያ መንገዶች ሁሉ በጣም የተከበረው ነው፤ አንድ ምሽት ሙሉ ይፈጃል፣ ማንም ደግሞ ሰነፍ አይልሽም።

አንቺም ግን ግማሹን ስተሻል። «ችግሬ ፍጹምነትን መፈለጌ ነው» ማለት ደስ ይላል፣ ቆንጆ ጥፋት ነው። ፒርስ ስቲል በ2007 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ሲገመግም ግን ፍጹምነትን በመፈለግና ሥራን በማዘግየት መካከል ያለው ዝምድና ደካማ ሆኖ ነው ያገኘው። ጠንከር ብለው የወጡት የሥራው አስጠሊነት፣ «እወጣዋለሁ» የሚል እምነት ማነስ እና ግብታዊነት ነበሩ። አካባቢሽን ብታዪም ይገባሻል፤ ጥንቅቅ አድርገው የሚሠሩ፣ በሰዓቱም የሚያስረክቡ ሰዎች ሞልተዋል። ከፍ ያለ ደረጃ ብቻውን ሰውን አያስርም።

ሂዊት እና ፍሌት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 ፍጹምነት ፈላጊነትን በሦስት ከፍለውት ነበር፦ ከራስ የሚጠበቅ፣ ከሌሎች የሚጠበቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሰዎች እንከን የለሽ እንድሆን ይጠብቁብኛል፣ ካልሆንኩ ይንቁኛል» የሚለው። ከጭንቀትና ከድብርት ጋር በብዛት ተያይዞ የሚገኘው ይህ ሦስተኛው ነው። ያንቺ የትኛው ነው? ጥያቄሽን ደግመሽ አንብቢው። የአማካሪሽን ኢሜይል ለቀናት አለመክፈትሽ ለጥራት ካለሽ ፍቅር ጋር ምን ያገናኘዋል? ኢሜይል ማንበብ ጥራት አይጠይቅም። ያ ፍርድን መፍራት ነው፣ በቃ።

ሻፍራን እና ባልደረቦቿ በ2002 ደግሞ የዚህን ነገር እምብርት ነክተውታል፤ ሰውየው የራሱን ዋጋ የሚመዝነው በውጤቱ ብቻ ይሆናል። ባይሳካለት ራሱን ይቀጣል። ቢሳካለትም «ቀላል ስለነበረ ነው» ብሎ መሥፈርቱን ከፍ ያደርጋል። ኮርሶችሽን በጥሩ ውጤት መጨረስሽ ለምን ልብ እንዳልሰጠሽ አሁን ሳይገባሽ አይቀርም። በነገራችን ላይ ብቻሽን አይደለሽም፤ ከረን እና ሂል ከ1989 እስከ 2016 የተሰበሰበ የአሜሪካ፣ የካናዳና የእንግሊዝ ተማሪዎች መረጃ አነጻጽረው ይህ «ሰዎች ይጠብቁብኛል» የሚለው ዓይነት በጣም እየጨመረ መምጣቱን አሳይተዋል።

አንድ የሚጎረብጥ ነገርም ልንገርሽ። ያላለቀ ጽሑፍ ይጠብቅሻል። ያልተሰጠ ሥራ አይመዘንም፤ «በደንብ ብሠራው ኖሮ ግሩም ይወጣው ነበር» የሚለው ተስፋም ሳይነካ ይቀመጣል። በመጨረሻው ሳምንት ተሯሩጠሽ ብታስረክቢ እንኳን፣ ቢበላሽ «ጊዜ አጥሮኝ ነው» ማለት ይቻላል። አውቀሽ አይደለም የምታደርጊው፤ ግን እየጠቀመሽ ነው፣ ስለዚህ በቀላሉ አይለቅሽም።

ደረጃዬን ዝቅ ሳላደርግ ይቻላል ወይ ላልሽው፦ አዎ፣ የመጨረሻውን ሥራ ደረጃ አትንኪው። መውረድ ያለበት የረቂቁ ነው፣ ያውም በጣም። የምታስረክቢውን ጽሑፍ መሥፈርት ገና ባልተጻፈ አንቀጽ ላይ እየጫንሽው ነው። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ መጻፍና ማረም፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው አራሚው ነው፣ ምክንያቱም ማጥፋት ከመጻፍ ይቀላል።

አሁን ወደሚደረገው እንሂድ። ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ጡንቻን ማላላት፣ እነዚህ የሰውነትን ውጥረት ያበርዳሉ፤ አልነቅፋቸውም። ችግሩ «ተንፍሼ ካልተረጋጋሁ አልጀምርም» ያልሽ ቀን ነው። ያኔ ትንፋሹም ሌላ መሸሺያ ሆነ። አንድ ደቂቃ ስጪው፣ ከዚያ ልብሽ እየመታም ቢሆን ጻፊ። ልብ እየመታ እጅ ይጽፋል። ጭንቀቱን በግድ ለመርሳት መሞከር ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ዌግነር በ1987 ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብሎ ምን እንደሆነ ይታወቃል፣ ድቡ ከጭንቅላታቸው አልወጣ አለ። የሚሻለው ቀጠሮ መስጠት ነው። ቦርኮቬክ እና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሞከሩት ዘዴ አለ፦ በቀን አንድ የተወሰነ ሰዓትና ቦታ ለጭንቀት ብቻ ይመደባል፣ 30 ደቂቃ። በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ አጠር አድርገሽ ወረቀት ላይ ታሰፍሪዋለሽ፣ «በሰዓትሽ ነይ» ትዪዋለሽ። ሰዓቱ ሲደርስ ግማሹ ራሱ የሚያስጨንቅ ሆኖ አታገኚውም። ለመኝታ ሰዓት ግን አታስጠጊው።

ቀጥሎ አጀማመሩ። በመግቢያው መጀመርሽ ራሱ ጥሩ ምርጫ አይደለም፤ መግቢያ ገና ያልጻፍሽውን ነገር የምታስተዋውቂበት ነው፣ ማስዋብም ይጋብዛል። በጥናቱ ዘዴ ምዕራፍ ጀምሪ። እሱ ያደረግሽውን ወይም የምታደርጊውን መንገር ነው፣ አያራቅቅም። አጀማመሩንም «ነገ ጠንክሬ እሠራለሁ» በሚል ፉከራ አትተዪው። ጎልዊትዘር በ1999 የጻፈበት ቀላል ነገር አለ፤ «ይሄ ሲሆን ይሄን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ። በ2006 ከሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲያዩ እንዲህ ያቀዱ ሰዎች ዝም ብለው ከወሰኑት ይልቅ ያሰቡትን የመፈጸም ዕድላቸው በደንብ ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። ያንቺ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጠዋት ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቼ፣ የዘዴ ምዕራፉን ከፍቼ፣ አንድ መጥፎ አንቀጽ እጽፋለሁ።» መጥፎ ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ጥሩ አንቀጽ ካልሽ ተመልሰሽ እዚያው ነሽ።

25 ደቂቃ ይበቃል። ቁጥሩ ቅዱስ አይደለም፣ 10ም ይሆናል፤ ግን ሲያልቅ አቁሚ፣ «ሞቅ ብሎኛል» ብለሽ እስከ ሌሊት አትቀጥዪ፣ ነገ ስትቀመጪ ትዝ የሚልሽ ድካሙ ነው። በዚያ 25 ደቂቃ ውስጥ ማጥፋት የለም። ዓረፍተ ነገሩ ቢጣመምም ወደ ፊት። ምንጭ ሲጎድልሽ «እዚህ ጋ ምንጭ ይገባል» ብለሽ በቅንፍ ጽፈሽ እለፊ። ለመፈለግ ከወጣሽ አትመለሺም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ለዋናው ማዘጋጃ ነው። ዋናው ያልተስተካከለ ሥራ ለሰው መስጠት ነው። ፍርድን ስለምትፈሪ፣ ፈውሱም ያለው ፍርድ ባለበት ቦታ ነው፤ ብቻሽን ሆነሽ የቱንም ያህል ብትጽፊ ፍርሃቱ ሳይነካ ይቀመጣል። ሲቢቲ በሚል ስም የሚታወቀው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ይህን የሚያደርገው በሙከራ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ከመላክሽ በፊት ይሆናል ብለሽ የምትፈሪውን በማያሻማ ቃል ጻፊ። «መጥፎ ይሆናል» አይበቃም። «ሁለት ገጽ ረቂቅ ስልክለት ‹ይሄ ለማስተርስ አይመጥንም› ብሎ ይመልሳል፤ 80 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» በዪ። ከዚያ ላኪ። መልሱ ሲመጣ ከጎኑ በትክክል የተባለውን ገልብጪ፣ የተሰማሽን ሳይሆን የተባለውን። ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ናሙናው እንዴት እንደተመረጠ ግልጽ አድርጊ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ይደጋግማል» የመሰለ ደረቅ ነገር ነው። ደስ አይልም፣ ግን ፍርድ አይደለም፣ ሥራ ነው። አንዴ ስታዪው አታምኚውም፤ «አዝኖልኝ ነው» ትያለሽ። ለዚህ ነው ተደጋግሞ መላክ ያለበት። ምናልባት የፈራሽው ራሱ ቢመጣስ? ሊመጣ ይችላል፤ ያኔም የምትጽፊው ሌላ ዓምድ አለ፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚል። እዚያ ላይ የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ «አዘንኩ፣ አንድ ቀን አለፈ፣ አስተካከልኩት» ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ማጭበርበሪያዎች አሉ፣ ተጠንቀቂ። አንዱ ረቂቁን ከመላክ በፊት ለጓደኛ እያሳዩ «ደህና ነው አይደል?» ማለት ነው። የሰላም ማረጋገጫ መለመን ነው፤ ያረጋጋሻል፣ ከዚያ ሳትጠይቂ መላክ ያቅትሻል። ሁለተኛው ኢሜይሉን በይቅርታ መሙላት ነው። «ረቂቅ ነው፣ ስለ ሁለተኛው ክፍል አስተያየትዎን እፈልጋለሁ» ይበቃል። ከዚያ በላይ የምትጨምሪው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ራስሽን አስቀድመሽ ለመውቀስ ነው፣ ሌላው እንዳይቀድምሽ።

ያለፉትን ወራት በተመለከተ ራስሽን መውቀስ ይበቃል። እያጽናናሁሽ አይደለም። ዎል፣ ፒቺል እና ቤኔት በ2010 ባወጡት ጥናት ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናታቸውን ካዘገዩት ተማሪዎች መካከል ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለሚቀጥለው ፈተና ያዘገዩት ባነሰ መጠን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጸጸቱ ራሱ ከጽሑፉ ጋር ይጣበቃል፣ ጽሑፉን ባሰብሽ ቁጥር ጸጸቱ ይመጣል፣ ጸጸቱን ለመሸሽ ጽሑፉን ትሸሺያለሽ።

ጊዜ ስትመድቢም ራስሽን አትመኚ። ቡለር እና ባልደረቦቹ በ1994 ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠይቀው ነበር። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ከግማሽ ነው። «ሁሉም ነገር ቢበላሽስ?» ተብለው የሰጡት ግምት እንኳን 49 ቀን ገደማ ነበር፣ እሱም አልበቃም። ስለዚህ «በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ» ብለሽ ሳይሆንልሽ ሲቀር ይህ የባህሪሽ ማስረጃ አይደለም፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ግምት ነው። አስበሽ ያገኘሽውን ቁጥር በእጥፍ ያዢ።

የምመክርሽ እንግዲህ ይሄን ነው፣ ለሁለት ሳምንት፣ ሌላ ምንም ሳትጨምሪ። ዛሬ ያልተከፈቱትን ኢሜይሎች ክፈቺ፤ መልስ መስጠት አይጠበቅብሽም፣ ማንበብ ብቻ። ከነገ ጀምሮ በሳምንት አምስት ቀን በአንድ የተወሰነ ሰዓት 25 ደቂቃ የዘዴ ምዕራፍ፣ ያለ ማጥፋት። በየሳምንቱ ዓርብ ደግሞ የደረሰው ደርሶ፣ አንድ ገጽም ይሁን፣ ትንበያሽን ጽፈሽ ለአማካሪሽ ትልኪያለሽ። አርብ ከመላክሽ በፊት አንዴ ማንበብ ይፈቀዳል፣ ሁለቴ አይፈቀድም። የሚለካው ጥራቱ አይደለም፣ ምን ያህል እንደተረጋጋሽም አይደለም፤ ተቀምጠሻል ወይ፣ ልከሻል ወይ፣ ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱ ከድሮው ሊብስ ይችላል፣ ምክንያቱም ስትሸሺው የነበረው ቦታ ላይ ቆመሻል። ያንን «አልሠራልኝም» ብለሽ አትተርጉሚው።

ይህ የማይፈታው ነገርም አለ። አማካሪሽ ለወራት የማይመልስ ወይም የሚሳደብ ከሆነ ችግሩ አንቺ ጋ አይደለም፤ የሚያስፈልግሽ ክፍለ ትምህርቱን ማነጋገር ነው። ርዕሱን ጨርሶ ካልፈለግሽውም እንደዚያው፤ አንዳንዱ ማዘግየት «ይሄን አልፈልግም» የሚል ያልተነገረ ውሳኔ ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ ዕቃ የምትጥይ፣ ወሬ መሃል ሐሳብሽ የሚጠፋ፣ የምትወጂውን ነገር እንኳን መጨረስ የሚያቅትሽ ከሆንሽ ደግሞ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብ ችግር) ሊሆን ይችላል፤ እሱ በፍርሃት ሕክምና አይፈታም፣ ራሱን የቻለ ምርመራ አለው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ደስ የሚል ነገር ሁሉ ከጠፋብሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባብሽ፣ ድብርቱ ይቅደም። የመኖር ፍላጎት የሚጠፋበት ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፣ የዚያኑ ዕለት ለምትቀርቢው ሰው ትነግሪያለሽ፣ የጤና ባለሙያም ጋ ትሄጃለሽ። ሰው የሰጠሽን የማረጋጊያ ኪኒን ያለ ሐኪም አትውሰጂ፤ ቶሎ ያረጋጋል፣ ለዚያው ነው አደገኛ የሆነው፣ አንዳንዶቹ ሱስ ያስይዛሉ፣ ከዚህም ሌላ ያለ ኪኒኑ መቀመጥ እንደማትችዪ ያስተምሩሻል።

ሁለት ሳምንቱ አልፎ አንድም ዓርብ ካልላክሽ፣ ሌላ ዘዴ ፍለጋ አትውጪ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂጂ። ስትሄጂም «ጭንቀት አለብኝ» ብለሽ አትቁሚ፤ የትኛውን ፋይል ስትከፍቺ፣ ምን ዓይነት ሐሳብ መጥቶ፣ ምን አድርገሽ እንደቀለለሽ ንገሪው፣ ትንበያ የጻፍሽበትን ወረቀትም ይዘሽ ሂጂ።